ዝገት ሲሰለፍ

ከስፒከር ጀርባ ያለው ያ ከባድ ጥቁር ቀለበት ከመቶ ዘጠና እጁ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከምናየው ዝገት ብዙም የማይርቅ ነገር። ቀሪው በአብዛኛው ስትሮንቲየም ኦክሳይድ ነው። የብረት ኦክሳይዱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከብረት ፋብሪካዎች ነው፤ ብረት በአሲድ ሲታጠብ የሚቀረው ተረፈ ምርት ነው። ይህን ያህል ርካሽ ጥሬ ዕቃ ያለው ሌላ ማግኔት የለም።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ስፒከር በመጠገን ነው። የተቃጠለ ኮይል አጠነጥናለሁ፣ የተቀደደ ኮን እቀይራለሁ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ወንድሜ፣ ማግኔቱ ደክሟል መሰለኝ። ማጠንከር አይቻልም?» በአንድ ቃል የምመልሰው አይደለም። የጃፓንና የሆላንድ ሰዎች ከዘጠና ዓመት በላይ የደከሙበት ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ቶኪዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ዮጎሮ ካቶና ታኬሺ ታኬይ የተባሉ የቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ፌራይት የተባለውን፣ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራ ማግኔታዊ ሴራሚክ ሠሩ፤ በ1935 ደግሞ ይህንኑ ወደ ገበያ ለማውጣት ዛሬ ቲዲኬ ብለን የምናውቀው ኩባንያ ተቋቋመ። በካሴት ክሩ የምታስታውሱት ቲዲኬ ማለት ነው። እኔ በየቀኑ የምይዘው ቀለበት ግን ዘሩ ከሆላንድ ነው። አይንድሆቨን የሚገኘው የፊሊፕስ ቤተ ሙከራ በ1952 ባሪየምና ብረት ኦክሳይድ ያለበትን የሴራሚክ ማግኔት ለዓለም አስተዋወቀ። በ1960ዎቹ የባሪየምን ቦታ ስትሮንቲየም መውሰድ ጀመረ፤ ማግኔቱም ሻል አለ።

ይህ ማግኔት ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ደግሞ ከተፈጥሮው የመጣ ነው። በኬሚካል ቀመሩ ውስጥ 12 የብረት አተሞች አሉ። እያንዳንዳቸው ለራሳቸው ትንሽ ማግኔት ናቸው፤ ነገር ግን ገመድ ጉተታ እንደገጠሙ ሰዎች 8ቱ ወደ አንድ ወገን፣ 4ቱ ወደ ሌላው ይስባሉ። ከ12ቱ የሚተርፈው የ4ቱ ጉልበት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ምንም የማይስበው ኦክስጅን ሰፊ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ አምራቹ ምንም ያህል ቢጠበብ፣ በክፍል ሙቀት ከ0.48 ቴስላ (የማግኔት ብርታት መለኪያ ነው) ገደማ አያልፍም። የኒዮዲሚየም ማግኔት ገበያ ላይ ያለው እንኳ ከ1.2 እስከ 1.4 ቴስላ ይሰጣል። ፌራይትን ኒዮዲሚየም አደርጋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ኪሳችሁን ጠብቁ።

የሚገርመው ግን ብዙው የፌራይት ማግኔት እዚያ ጣሪያ አጠገብ እንኳ አለመድረሱ ነው። ክፍተቱን የሚወስነው አሠራሩ ነው፤ ከአሠራሩም ዋናው ሰልፍ ነው። እያንዳንዷ የፌራይት ቅንጣት ማግኔትነቷ የሚቀናበት አንድ መስመር አላት። ዱቄቱ ዝም ብሎ ተጨፍልቆ ከተጋገረ ቅንጣቶቹ በየፊናቸው ያያሉ፤ የሚገኘውም 0.22 ቴስላ ገደማ ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ካዩ 0.4 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ይህ እጥፍ ሊመስል ይችላል፤ የማግኔት ጉልበት ግን የሚያድገው በዚህ ቁጥር ስኩዌር ነው። ስለዚህ በአንድ ሜትር ኩብ 8 ኪሎ ጁል ገደማ የነበረው ወደ 30 ይጠጋል። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ የተለወጠው አቋቋሙ ብቻ።

ሰልፉ የሚያዘው በጭቃ ነው። ስትሮንቲየም ካርቦኔትና ብረት ኦክሳይድ ተደባልቀው ከ1200 ዲግሪ በላይ ይቃጠላሉ፤ የወጣው ድንጋይ ከውኃ ጋር እስኪልም ይፈጫል። ያ ቀጭን ጥቁር ጭቃ ወደ ቅርጽ ማውጫው ሲገባ በዙሪያው ያለው የኤሌክትሪክ ጥቅል ይበራል። ቅንጣቶቹ ገና በውኃ ውስጥ ናቸውና ዞረው ይሰለፋሉ። ወዲያው መጭመቂያው ይወርድና ውኃውን በማጣሪያ በኩል ጨምቆ ያወጣዋል፤ ሰልፉ እንዳለ ይቀራል። በደረቅ ዱቄትም ይሠራል፣ ፈጣንም ነው፤ ነገር ግን ደረቅ ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚተሻሹ እንደ ልባቸው አይዞሩም፤ ሰልፉም ይላላል። በሁለት ስፒከሮች ላይ መጠኑ አንድ የሆነ ቀለበት አይታችሁ አንደኛው ለምን እንደሚበልጥ ከገረማችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለይም። ብትሰብሯቸው ሁለቱም እንደ ሸክላ ጥርት ብለው የሚሰበሩ፣ ስብራታቸው ጥቁር ግራጫ የሆነ ዕቃዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ልመት ነው። ማግኔት ጠንካራ ነው የሚባለው መሳብ ስለቻለ ብቻ አይደለም፤ ያገኘውን አቅጣጫ አልለቅም ማለትም አለበት። ቅንጣቷ አንድ ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ስትሆን ነው በውስጧ ተቃራኒ ሰፈር የማትፈጥረው። ከዚያ ከተለቀች ተከፋፍላ በቀላሉ ትገለበጣለች። ታዲያ አልሞ መፍጨት ነዋ! ብትሉ፣ እቶኑ ይጠብቃችኋል። የተጨመቀው ጭቃ ጥቅጥቅ እንዲል እንደገና ወደ 1200 ዲግሪ መግባት አለበት፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ቅንጣቶቹ እየተዋዋጡ ያድጋሉ። ሙቀቱን ብትቀንሱ ቀዳዳ ይበዛል፣ ብትጨምሩ ቅንጣቱ ይተልቃል። የአምራቾቹ መላ ጥቂት ሲሊካና ካልሲየም ጣል ማድረግ ነው፤ በቅንጣቶቹ መካከል ገብተው እድገቱን ይገታሉ፣ ጥቅጥቅ እንዲልም ይረዳሉ። መጠናቸው በጣም ትንሽ ነው፤ ሲበዛ ቦታ ይዘው ማግኔቱን ያደክሙታል። በእኔ አስተያየት የዚህ ሙያ ጥበብ ሁሉ ያለው እዚህ ድርድር ላይ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ጃፓኖች ሌላ በር ከፈቱ። ከስትሮንቲየሙ በከፊል ላንታነም፣ ከብረቱ በከፊል ደግሞ ኮባልት ተኩ። ኮባልቱ ትንሽ ቢሆንም እልኸኛ ነው፤ ማግኔቱ አቅጣጫውን እንዳይለቅ ያደርገዋል። ዛሬ ምርጥ የሚባሉት ፌራይቶች 0.46 ቴስላ አካባቢ የሚደርሱት በዚህ መንገድ ነው። ኮባልት ግን ውድ ነው፤ ስለዚህ ርካሽ ስፒከር ውስጥ አትፈልጉት። የሚገባው አንዲት ግራም ክብደት መቀነስ ገንዘብ የሚያወጣበት የመኪና ሞተር ውስጥ ነው።

ስለ መኪና ካነሳሁ አይቀር፣ ፌራይት አንድ እንግዳ ጠባይ አለው። እንደ ማንኛውም ማግኔት ሲሞቅ ስበቱ ይቀንሳል፤ በየዲግሪው 0.2 በመቶ ገደማ፤ ሲበርድ ይመለሳል። አልለቅም ባይነቱ ግን በተቃራኒው ሲሞቅ ይጨምራል፣ ሲበርድ ይቀንሳል። ኒዮዲሚየምን የሚጎዳው ሙቀት ሲሆን ፌራይትን የሚጎዳው ውርጭ ነው። ለቀዝቃዛ አገር የሞተር ማስነሻ የሚሠሩ መሐንዲሶች የሚጨነቁት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ቁልፍ ሲዞር ስለሚሆነው ነው። የእኛ አገር ብርድ ከዚህ ሐሳብ አይገባም።

ይህን ያህል የሚደከመው ለምንድን ነው? ኒዮዲሚየም እያለ? ዋናው መልስ ቻይና ናት። ኒዮዲሚየምና ዘመዶቹ በብዛት የሚመረቱትና የሚጣሩት እዚያ ነው። በ2010 እና በ2011 አቅርቦቱ ሲጠብ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ በ2025 ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ አዲስ የኤክስፖርት ቁጥጥር መጣ። ይህን ጥገኝነት ለመቀነስ ሲሞከር፣ አሜሪካ ውስጥ የ2016 ሞዴል ሼቭሮሌት ቮልት ከሁለቱ ሞተሮቹ አንዱን በፌራይት ይዞ ወጣ። ደካማው ማግኔት እንዲህ ያለ ቦታ የሚገባው በዙሪያው ባለው ብረት ብልሃት ነው። ለምሳሌ በአንዳንድ ሞተሮች ማግኔቶቹ ከመሃል ወደ ዳር ቆመው ይደረደራሉ፤ የሁለቱ ጎረቤታሞች ፊት በመካከላቸው ባለው ብረት ላይ ይደመራል።

እኔም በሱቄ የማየው ይህንኑ ነው። ውጪው 90 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት ፊቱ ወደ 51 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከፊትና ከኋላ የተጣበቁት የብረት ሳህኖችና የመሃሉ ምሰሶ ከዚህ ሰፊ ፊት የሚወጣውን ሰብስበው ኮይሉ ወደሚገባበት ጠባብ ክፍተት ያመጡታል፤ የክፍተቱ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ኮይልና 6 ሚሊ ሜትር ሳህን ላለው 5 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግማሹና ከዚያ በላይ በመንገድ ቢፈስም ክፍተቱ ውስጥ 1 ቴስላ ያህል ይገኛል። ማግኔቱ ብቻውን ከሚችለው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

«ሁለተኛ ማግኔት ደርብበት» የሚሉኝም አሉ። ከኋላ ተገፋፍቶ እንዲቆም ተደርጎ የሚለጠፍ ማግኔት የሚፈሰውን መልሶ ትንሽ ይጨምራል፤ ፋብሪካዎች ይህን ያደርጉ የነበረው ግን ይልቁንም የድሮው ቱቦ ቴሌቪዥን ምስል ቀለሙ እንዳይበላሽ ነው። ሦስተኛና አራተኛ መደረብ ክብደት ከመጨመር በቀር አይረባም። ብረቱ 2 ቴስላ አካባቢ ሲደርስ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ የጨመራችሁት ሁሉ ወደ አየር ይሄዳል።

ስፒከራችሁ ድምፁ ከቀነሰ ወይም ከሻከረ በመጀመሪያ ማግኔቱን አትጠርጥሩ። ፌራይት በዕድሜም፣ በብየዳ ሙቀትም፣ በመውደቅም ጉልበቱን በቀላሉ አያጣም። ሲወድቅ የሚበላሸው ማጣበቂያው ነው፤ ቀለበቱ በጥቂቱ ይንሸራተትና ክፍተቱ ይጣመማል። ፋብሪካው አካሉን ገጣጥሞ ከጨረሰ በኋላ ነው ማግኔት የሚያደርገው፤ ስለዚህ በቤት ፈትቶ መልሶ መሃል ማስገባት ከባድ ነው፤ ጣትም ይቆነጥጣል። ኮኑን በሁለት እጅ ዙሪያውን እኩል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። የሚፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ወይ ኮይሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ማግኔቱ ተንሸራቷል። «ማግኔቱ ደክሟል» ብሎ አዲስ ሊሸጥላችሁ የሚሞክረውን እለፉትና ክፍተቱን የሚያስተካክል ባለሙያ ፈልጉ።