ስለ በደል መጠንና ስለ ቅጣት ልክ

ሰንጋ ማለት የሠባ በሬ ነው፤ ተራም ማለት የሚሸጠው ሁሉ በየዓይነቱ የሚቆምበት ሥፍራ ነው። በአዲስ አበባ፣ በልደታ ያለው ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከከብት ገበያ ነው። በገበያ የከሳውና የሠባው በሬ በአንድ ዋጋ ቢሸጡ ገበያው አይቆምም። ከሰንጋ ተራ ሳይርቅ የልደታ ፍርድ ቤት አለ፤ በዚያ የሚመዘነው የሰው ሥራ ነው። በዚያም ታናሹ በደልና ታላቁ በደል በአንድ ቅጣት ቢቀጡ ፍርድ አይቆምም።

በአገራችን በ1923 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጥቶ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ነው።

በዚህ ሕግ ዘንድ ታናሹ ጥፋት ደንብ መተላለፍ ይባላል። ቅጣቱም ጥቂት ገንዘብ መክፈል ወይም በማረፊያ ቤት መቆየት ነው፤ ይኸውም እንደ ደንቡ ከ1 ቀን እስከ 3 ወር ነው። ከዚህ የሚከብደው ወንጀል ነው። ለቀለለው ወንጀል ቀላል እስራት አለ፤ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ለከበደው ጽኑ እስራት አለ፤ ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ነው፣ ሕጉ በግልጥ ባዘዘም ጊዜ ዕድሜ ልክ ይሆናል። የሞት ቅጣት እጅግ ለከፋው ወንጀል ብቻ ተጽፏል።

የበደል ክብደት በምን ይታወቃል? በደረሰው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ በአድራጊው ልብ ጭምር ነው እንጂ። ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው ነፍስ አጠፉ እንበል። አንደኛው ከታች ሰው መኖሩን ሳይመለከት ከጣሪያ ድንጋይ ጥሎ ገደለ፤ ይህ በቸልተኝነት ነውና ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ሁለተኛው በጠብ መካከል ለመግደል ፈቅዶ ገደለ፤ ይህ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሦስተኛው አስቀድሞ መክሮ፣ አድብቶ፣ በጭካኔ ገደለ፤ የዚህ ቅጣት ዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ነው። የሦስቱ ሟቾች እናቶች ልቅሶ አንድ ነው፤ የገዳዮቹ በደል ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ዳኛ ልቅሶውን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ ነገሩን ከሥሩ ይመረምራል።

የልጆችም ነገር ተለይቷል። 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም፤ ማስተማርና ማረም ይቀድምለታል። ወንጀሉን ሲሠራ 18 ዓመት ያልሞላውም በሞት አይቀጣም።

ነገር ግን ልጆች ሆይ፣ ሕግ ታናሹን በደል ታናሽ ቢለው መልካም ነው ማለቱ አይደለም። እንቁላል ሲሰርቅ ዝም የተባለ ልጅ አድጎ በሬ ሰርቆ በተያዘ ጊዜ፣ «እናቴ እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አለ ይባላል። እንግዲህ ዳኛ የሰውን በደል ይመዝናል፤ አስተዋይ ልጅ ግን በደሉ ሳያድግ ራሱን ይመዝናል።