የኤክስ-15 ሞዴልና የመለካት ባህል

የሚገጣጠም ሞዴል አውሮፕላን ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ልጆች መጫወቻ ነው። ሀገርን የሚያህል ጉዳይ ከፊታችን ተደቅኖ ሳለ ስለ ፕላስቲክ አውሮፕላን መጻፍም ለአንዳንድ አንባብያን ቅንጦት ሊመስል ይችላል። በበኩሌ ግን ከዚህ ትንሽ ሥራ የምናገኘው ቁም ነገር አለ ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ስለ አውሮፕላኗ ጥቂት ልበል። ኤክስ-15 እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1968 አሜሪካ ውስጥ ለምርምር 199 ጊዜ የበረረች፣ በሮኬት ሞተር የምትሠራ የሙከራ አውሮፕላን ነበረች። የተሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ከመሬት ተንደርድራ አትነሣም ነበር፤ በቢ-52 ቦምብ ጣይ ክንፍ ሥር ተንጠልጥላ ወደ 13 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከወጣች በኋላ ትለቀቃለች። አሞኒያና ፈሳሽ ኦክስጅኗን በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ጨርሳ፣ የቀረውን መንገድ ያለ ሞተር እያንዣበበች ካሊፎርኒያ ውስጥ በደረቀ ሐይቅ ላይ ታርፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የደረሰችበት ፍጥነት በሰዓት 7 ሺህ 274 ኪሎ ሜትር ነው።

እኔ የምገጣጥመው በ1/72 ልኬት የተሠራውን ነው። ይህም ማለት በእውነተኛዋ ላይ 72 ሳንቲ ሜትር የሆነው በሞዴሉ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 15 ሜትር ተኩል ገደማ የነበረችው አውሮፕላን 21 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሆና ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ክፍሎቹ ከፕላስቲክ ፍሬማቸው በምላጭ ይቆረጣሉ፤ ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ሙጫ ከመቀባቱ በፊት እርስ በርስ መግጠማቸው በደረቁ ይፈተሻል። ሙጫው የፕላስቲኩን ገጽ ጥቂት አሟሙቶ ሁለቱን ያዋሕዳል። ክፍተት ከቀረ በስቱኮ ይደፈናል፤ ቀለም የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

ዋናው ትምህርት ያለው ግን በቅርጾቹ ላይ ነው። የማንኛውም አውሮፕላን የጭራ ክንፍ ከኋላ በኩል ስስ እንዲሆን ይሞረዳል። የኤክስ-15 ግን ከኋላዋ ወፍራም፣ እንደ ሽብልቅ ያለ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ስስ ክንፍ አቅጣጫ የመጠበቅ ኃይሉ ይቀንሳልና። ስለዚህ ሞራጁ እጁን መሰብሰብ አለበት። የታችኛው የጭራ ክንፍ ግማሽ ደግሞ ከማረፍ በፊት ተነቅሎ ይወድቅ ነበር፤ ከማረፊያ እግሮቿ ይረዝም ስለነበር ነው። የኋላ እግሮቿ ጎማ የላቸውም፣ እንደ በረዶ መንሸራተቻ ያሉ ብረቶች ናቸው። ጥቁር ቀለሟም ለጌጥ አይደለም፤ ቆዳዋም ከፍተኛ ሙቀት ከሚችል የኒኬል ቅይጥ የተሠራ ነበር። እያንዳንዱ እንግዳ ቅርጽ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

መልሱ በነጻ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 1967 ሦስተኛዋ ኤክስ-15 አየር ላይ ተበታትና አብራሪው ማይክል አዳምስ ሕይወታቸው አለፈ። መርማሪዎቹ የኤሌክትሪክ መዛባቱንም ሆነ የመሣሪያ ንባብ ስሕተቱን በይፋ መዘገቡ፤ ከዚያ በኋላ የአውሮፕላኗን አቋም የሚያሳይ መሣሪያ በምድር መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥም እንዲኖር ተደረገ። ፕሮግራሙ ከ700 በላይ የምርምር ዘገባዎችን ትቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ብሂላችን እዚያ በተግባር ታይቷል። ዛሬ አንድ ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ ያችን አውሮፕላን በልኳ ሊገጣጥም የሚችለው፣ በጊዜው የለኩና የመዘገቡ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነት ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ጋር አዲስ አበባ ላይ የተሠራች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች አውሮፕላን አለችን። በወረራው ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። መመለሷ ያስደሰተንን ያህል፣ ከእንግዲህ ምን እናድርግባት የሚለው ጥያቄ ሊያሳስበን ይገባል። ፎቶግራፍ መነሣትና መፎከር አውሮፕላንን አያስተምርም።

ዳቦ ለቸገረው ሕዝብ ይህ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የምጠይቀው ፋብሪካ አይደለም። በውጭ ሀገር የምንኖር መሐንዲሶችና የንድፍ ባለሙያዎች፣ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ጠይቀን፣ ፀሐይን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ለክተን ንድፏን ለማንም ክፍት ብናደርገው፣ በሀገር ቤት ያለ መምህር ከካርቶንና ከቀላል እንጨት ከተማሪዎቹ ጋር ሊሠራት ይችላል። ያ ተማሪ ክንፏ ለምን በዚያ ልክ ሆነ ብሎ የጠየቀ ዕለት፣ አውሮፕላኗ በእርግጥ ተመልሳለች ማለት እንችላለን።

ቸር ይግጠመን።