ለፎቶ ብቻ የተደረገው ሄልሜት

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት ለብሮሸር የሚሆን ፎቶ እንዳስነሳ ከአሰላ ወጣ ብሎ ወዳለ የመንገድ ሥራ ላከኝ። ጠዋት ነበር፤ ጭላሎ ጉሙን ገና አልገፈፈም፣ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። ከአዲስ አበባ ጭነን የሄድነውን አሥራ ሁለት አዲስ ሄልሜትና አንጸባራቂ ሰደርያ ለሠራተኞቹ አደልን። ፎቶው ተነሳ፣ አማረም። ከዚያ ሁሉንም ቆጥረን ተረከብንና ወደ መኪናው መለስን።

አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ሄልሜቱን ሲያስረክበኝ «ለእኛ የመጣ መስሎን ነበር እኮ» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ ቱቦ ወደሚቀበርበት ቦይ ወረደ። የቦዩ አፍ ከራሱ በላይ ነበር። የተቆፈረው አፈር ደግሞ አፋፉ ላይ ተከምሯል።

የዚያን ቀን ማንም አልተጎዳም። ብሮሸሩም ታተመ። የልጁ ንግግር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሄልሜቱ ብቻውን አያድንም

በኋላ መሐንዲሶችን ስጠይቅ የባሰ ነገር ተረዳሁ። ሄልሜቱን ብንተውለት እንኳ ቦዩ ቢናድ አያድነውም ነበር። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ15 ኩንታል በላይ ሊመዝን ይችላል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆንም ደረቱ መስፋት ስለማይችል መተንፈስ ያቅተዋል። በአርሲ ደጋ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል። ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመ የቦይ ግድግዳ ዛሬ ሊናድ ይችላል።

መከላከያው ግን የረቀቀ ነገር አይደለም። ጥልቀቱ ወደ 1.5 ሜትር ሲጠጋ ግድግዳውን አጋድሞ መቁረጥ ወይም በጣውላ መደገፍ፣ የወጣውን አፈር ከአፋፉ ማራቅ፣ መውጫ መሰላል ማስቀመጥ፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሰው ከመውረዱ በፊት ቦዩን መፈተሽ ያስፈልጋል። ሄልሜት ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ከፍታ ላይም ነገሩ ያው ነው። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ምንጃር ሸንኮራ፣ በግንባታ ላይ በነበረው የአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት መወጣጫው ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። በዓል ሊያከብሩ የመጡ ምእመናን ነበሩ። የግንባታ አደጋ ሠራተኛውን ብቻ መርጦ አይመጣም።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ግዴታውን በግልጽ አስቀምጧል። አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና አልባሳት ማቅረብ፣ ስለ ሥራው አደገኛነት ማስረዳት፣ የደረሰ አደጋንም መመዝገብና ማሳወቅ አለበት። ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት።

ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በመርህ ደረጃ ተጠያቂ ነው፤ የሕክምናውን ወጪም ይሸፍናል። ጉዳተኛው ሥራ መሥራት ካልቻለ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። የተማርኩት ቢዝነስ ነውና ሂሳቡን ሳሰላው ለቦዩ መደገፊያ የሚገዛው ጣውላ እጅግ ይረክሳል። በደመወዝ የማይተመነው ነገር ደግሞ ማታ ቤት ውስጥ አባታቸውን የሚጠብቁት ልጆች ናቸው።

እርስዎስ?

«እኔ ኮንትራክተር አይደለሁም» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ነገ ቤት ሊያሠሩ፣ ዛሬም በበርዎ ፊት የውሃ መስመር ሊቆፈር ይችላል። ስለዚህ፦

ቤት የሚያሠሩ ከሆነ ከኮንትራክተሩ ጋር ሲዋዋሉ የደኅንነት መሣሪያውን ማን እንደሚያቀርብ፣ ሰው ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም በጽሑፍ ያስፍሩ። የባሕር ዛፍ መወጣጫ ከተሠራ እንጨቱ የበሰበሰ ወይም የተሰነጠቀ እንዳይሆን፣ እግሩም ጠንካራ መሬት ላይ እንዲቆም ይጠይቁ። ነፋስ ሲበረታ ከፍታ ላይ ያለው ሥራ ይቁም። ጥያቄዎ ሥራውን ለአንድ ቀን ቢያዘገየውም ይዘግይ።

ሠፈርዎ ውስጥ ያልታጠረ ጉድጓድ ካዩ ለፎርማኑ ወይም ለቀበሌው ይንገሩ፤ ልጆችዎንም ያርቁ። ውሃ የሞላ ጉድጓድ ለሕፃን ዓይን መጫወቻ ነው።

ቦይ ተንዶ ሰው ቢቀበር ለመርዳት ብለው ዘለው አይግቡ፤ ሁለተኛ ሊናድ ይችላል። ከፍታ ላይ የወደቀን ሰውም የባሰ አደጋ ካላሰጋው በስተቀር አንሥተው መኪና ውስጥ አያስገቡት፤ አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ይብስበታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ወደሚገኝበት 907 ይደውሉ።

እኔም ዛሬ ወደ ሳይት ለፎቶ ስሄድ ሄልሜት ጭኜ አልሄድም። ካሜራው ከመውጣቱ በፊት ፎርማኑን «ሠራተኞቹ ትናንት ምን አድርገው ነበር የሠሩት?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ካላጠገበኝ ፎቶው ይቀራል።