በትርፍ የተከፈለ የሕፃናት ማቆያ ወጪ በልጅ ቀለብ ሥርዓት፦ የዋሽንግተን ግዛት ድንጋጌ

የሕፃናት ማቆያ ወጪ ከሌላው የልጅ ቀለብ የሚለይበት ባሕርይ አለው። ምግብ፣ ልብስና መጠለያ የማይቋረጡ ፍላጎቶች ናቸው፤ የማቆያ ክፍያ ግን ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም አሳዳጊው ወላጅ የሥራ ሰዓቱን ሲለውጥ ሊቀር ይችላል። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ደግሞ እስኪሻሻል ድረስ ጸንቶ ይቆያል። በዚህ መካከል ላልወጣ ወጪ የተከፈለው ገንዘብ ለማን ይገባል?

በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ፣ ምዕራፍ 26.19 ቁጥር 080፣ ለጥያቄው ግልጽ ምላሽ ሰጥቷል። ወላጆች የማቆያን ወጪ የሚጋሩት መሠረታዊውን ቀለብ በሚጋሩበት መጠን ነው። ከፋዩ በትእዛዝ የከፈለው ወጪ በእርግጥ ሳይወጣ ቀርቶ ትርፉ ከዓመታዊ የማቆያ ወጪው ቢያንስ 20 በመቶ ከደረሰ፣ ተቀባዩ የመመለስ ግዴታ አለበት። አቤቱታው ለፍርድ ቤት ወይም ለግዛቱ የማኅበራዊና የጤና አገልግሎቶች መምሪያ ይቀርባል።

ለአብነት የከፋዩ ድርሻ በወር 600፣ በዓመት 7,200 ዶላር ቢሆን፣ መነሻው 1,440 ዶላር ነው። ማቆያው ለ2 ወራት ብቻ ቢቋረጥ ትርፉ 1,200 ዶላር ስለሚሆን ድንጋጌው አይሸፍነውም፤ ለ4 ወራት ቢቋረጥ ግን 2,400 ዶላር ይመለሳል።

የአመላለሱ ሥርዓትም የልጁን ኑሮ ያገናዘበ ነው። ከፋዩ ውዝፍ ቀለብ ካለበት ገንዘቡ በቅድሚያ ለውዝፉ ይታሰባል። ውዝፍ ከሌለበት በቀጥታ ሊመለስለት ወይም ከመጪው ቀለብ ሊቀነስለት ይችላል፤ ቅነሳው ግን በ12 ወራት እኩል ይከፋፈላል። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው 2,400 ዶላር በወር 200 ዶላር ይሆናል። ከፋዩ ያለ ተቀባዩ ስምምነት ከድርሻው በላይ አስቀድሞ ከፍሎ ትርፉን በኋላ ከቀለቡ እንዲቀንስ ድንጋጌው መብት አይሰጠውም።

የድንጋጌው ፋይዳ ከፌዴራሉ ሕግ አንጻር ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የብራድሊ ማሻሻያ፣ የማሻሻያ አቤቱታ ማስታወቂያ ከደረሰበት ጊዜ በፊት የመክፈያ ቀኑ ያለፈ ቀለብ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይለወጥ ይከለክላል። የዋሽንግተን ድንጋጌ ትእዛዙን ሳይነካ ክፍያውን ከእውነተኛው ወጪ ጋር ያስታርቃል ሊባል ይችላል።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል በጠቅላላው ይደነግጋል። ሆኖም በጸና ፍርድ የተከፈለ ገንዘብ «የማይገባ» ነው ለማለት ራሱን የቻለ ክርክር ይጠይቃል። ልዩ ድንጋጌ የሚያስፈልገውም የመነሻውን መጠን፣ የአመላለሱን ቅደም ተከተልና የልጁን ጥቅም አስቀድሞ በመወሰን ይህን ክርክር ለማስቀረት ነው።