በእግሩ የሚተዳደር ሰው

እግር ኳስ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ድቡልቡሉን ኳስ በእግር እየመቱ ጎል ማግባትን ነው። አሜሪካኖች ግን እግር ኳስ ብለው የሚጠሩት ሌላ ጨዋታ አላቸው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ስሙ የእግር ይሁን እንጂ በእጅ ይዘውት ይሮጣሉ፤ ባላጋራም እየተጋፋ ይጥላቸዋል። ከየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን ይዘው የሜዳው ጫፍ ከደረሱ 6 ነጥብ ያገኛሉ። ወደፊት መግፋት ሲያቅታቸውስ? ያን ጊዜ መቺው ይጠራል።

በሜዳው ጫፍ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች አሉ። በመካከላቸው 5 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት አለ፤ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ብሎም አግዳሚ አለ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ይወረውራል። ሌላው ተንበርክኮ ይቀበልና መሬት ላይ ያቆመዋል። መቺው መጥቶ ይመታል። ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈ 3 ነጥብ፤ ካላለፈ ምንም!

እንግዲህ አስቡት። ሌሎቹ ሲታገሉ ይውላሉ፤ መቺው ዳር ቆሞ ያያል። ልብሱ ሳይቆሽሽ የሚመለስበት ቀን አለ። ያላረሰና ያላጨደ ሰው አውድማ ላይ ተጠርቶ፣ «እህሉን አንተ አድነው» እንደ ማለት ነው። ሥራው ቀላል የሚመስለው ላላየው ብቻ ነው።

በዚህ ሥራ ስሙ ከሚነሳው አንዱ ያን ስቴነሩድ የተባለው ሰው ነው። የተወለደው በ1942 በኖርዌይ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኖርዌይ በረዶ የሚበዛባት አገር ናት። እሱም ረጃጅም ሳንቃ እግሩ ላይ አስሮ በበረዶ ተንሸራቶ የሚዘል ስፖርተኛ ነበር። በዚሁ ስፖርት ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ሞንታና በሚባል ክፍለ ሀገር የኮሌጅ ትምህርት ዕድል አገኘ። እግሩን ለማጠንከር የስታዲየሙን ደረጃ ሽቅብ ይሮጥ ነበር። አንድ ቀን ኳስ የሚመቱ ልጆች አየና እሱም ሞከረ። አመታቱን ያየ የሌላ ስፖርት አሠልጣኝ ነው ነገሩን ያወራለት። እኛን የገረመን ይኸው ነው፤ ለዝላይ የመጣ ሰው በኳስ እንጀራውን አገኘ።

የድሮዎቹ መቺዎች ፊት ለፊት ሮጠው በጫማቸው ጫፍ ነበር የሚመቱት። ስቴነሩድ ከጎን መጥቶ፣ ጫማው በሚታሰርበት በኩል ይመታ ነበር። ከእሱ በፊት በ1964 የሃንጋሪው ተወላጅ ፒት ጎጎላክ እንዲህ መትቷል። ዛሬ ሁሉም የሚመታው በዚሁ ዘዴ ነው።

በ1967 ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ የተባለው ቡድን ቀጠረው። በጥር 1970 በታላቁ የዋንጫ ጨዋታ ሦስት ጊዜ መትቶ አስገባ፤ አንደኛው 44 ሜትር ያህል የራቀ ነበር። ቡድኑም 23 ለ 7 አሸነፈ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1971 በፈረንጆቹ ገና ዕለት ግን ሌላ ሆነ። ከማያሚ ጋር 24 ለ 24 እኩል ናቸው፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቀርቷል። ርቀቱ 28 ሜትር ብቻ! ስቴነሩድ ሳተው። ጨዋታው ተራዘመ፤ ሁለተኛ ሲመታ ባላጋራ አገደበት። በመጨረሻ የማያሚው መቺ፣ በቆጵሮስ የተወለደው አርመናዊ ጋሮ የፕሪሚያን፣ አስገብቶ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ካንሳስ ሲቲ እስከ 1986 ድረስ ለጥሎ ማለፍ አልደረሰም።

ስቴነሩድ በሚቀጥለው ዓመትም ኳሱን መምታቱን አላቆመም። በ1980 ቡድኑ ሲያሰናብተው 37 ዓመቱ ነበር። አረጀ ተባለ እኮ! ግሪን ቤይ ፓከርስ ወሰደው፤ በ1981 ከ24 ምት 22ቱን አስገባ። ከዚያ ሚኒሶታ ሄዶ በ1985 ጨረሰ። በ1991ም ሥራው መምታት ብቻ ከሆነው ሁሉ ቀድሞ ወደ ታዋቂዎቹ አዳራሽ ገባ።

በ19 ዓመት ውስጥ 558 ጊዜ መትቶ 373ቱን አስገብቷል፤ 185ቱን ስቷል። የገናዋ ምት በዚህ ቁጥር ውስጥ የለችም። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ የሚመዘገበው ለብቻው ነው።