ኃይል ያለው ባትሪ ዳገት ላይ ለምን ይከዳናል?

ከጅግጅጋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ከተማዋ ያረፈችበትን ሜዳ እንደለቀቀ የካራማራን ተራራ መውጣት ይጀምራል። በዚህ ዳገት ላይ በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚጓዝ አንድ ተማሪ በዐይነ ኅሊናችን እንመልከት። የባትሪው ጠቋሚ ገና ሲሶ ያህል ኃይል መኖሩን ያሳያል። ይሁን እንጂ ከዳገቱ እኩሌታ ሲደርስ ሞተሩ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ከኋላው ደግሞ ጭነት የያዘ መኪና እየመጣ ነው። ተማሪው ደንግጦ ብስክሌቱን ወደ መንገዱ ዳር ይጎትታል። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ሲሞክረው ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል። በማግስቱም ያው ችግር በዚያው ሥፍራ ይደገማል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ማወቅ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ስለሆነም ከላይ የተጠቀሰውን ችግር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርነው ፊዚክስ እንዴት መፍታት እንደሚቻል በዚህ ጽሑፍ ለማየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ የባትሪውን ጠባይ እንመርምር። 48 ቮልት የሚባለው የሊትየም ባትሪ በአብዛኛው በተርታ የተያያዙ 13 ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚደርስ ሙሉው ባትሪ 54.6 ቮልት ይሆናል። ሴሎቹ ከመጠን በላይ ተራግፈው እንዳይበላሹ ሲባል ሞተሩን የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ማለትም ኮንትሮለሩ፣ ቮልቴጁ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ሞተሩን ያቆማል። ለምሳሌ ይህ ወሰን 42 ቮልት ነው እንበል።

ማንኛውም ባትሪ በውስጡ የጅረትን መተላለፍ የሚቃወም ባሕርይ፣ ይኸውም ውስጣዊ ሬዚስታንስ አለው። ነገሩን በውኃ ሮቶ መመሰል ይቻላል። ሮቶው ውስጥ ብዙ ውኃ ቢኖርም የሚወርድበት ቧንቧ ጠባብ ከሆነ ሁሉም የቤቱ ቧንቧዎች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ግፊቱ ይደክማል፤ ሲዘጉ ግን ይመለሳል። የጎደለው ውኃው ሳይሆን የቧንቧው ስፋት ነው። ባትሪ ሲያረጅ ይህ «ቧንቧ» እየጠበበ ይሄዳል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ብስክሌቱ፣ ነጂውና ዕቃው በአንድነት 120 ኪሎ ግራም ይሁኑ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜትር፣ ዳገቱም በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣ ይሁን። የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 120 × 9.8 × 0.08 × 5፣ ማለትም 470 ዋት ያህል ያስፈልጋል። ለጎማና ለአየር ሰበቃ 100 ዋት ብንጨምርና ሞተሩ ከሚወስደው ኃይል 75 በመቶውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል ብንል ከባትሪው የሚፈለገው 760 ዋት ገደማ ይሆናል። ይህም 18 አምፔር ያህል ነው። በዚያው ፍጥነት ሜዳ ላይ ግን 3 አምፔር ይበቃል።

ያረጀው ባትሪ በዕረፍት ላይ 46 ቮልት፣ ውስጣዊ ሬዚስታንሱም 0.25 ኦም ነው እንበል። በሜዳ ላይ ቮልቴጁ 46 − (3 × 0.25)፣ ማለትም 45.25 ይሆናል፤ ጉዞው ይቀጥላል። በዳገት ላይ ግን 46 − (18 × 0.25) = 41.5 ቮልት ነው። ከ42 ስለሚያንስ ሞተሩ ይቆማል። ጅረቱ ሲቋረጥ ቮልቴጁ ተመልሶ 46 ይሆናልና እንደገና ይነሣል። የተማሪያችን እንቆቅልሽ ይህ ነበር። ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዳገት ላይ 44.2 ቮልት ስለሚኖር ችግሩ ባልተከሰተ ነበር።

የአየር ጠባይም የራሱ ድርሻ አለው። ብርድ የባትሪን ሬዚስታንስ ስለሚጨምር በጅግጅጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ያደረ ብስክሌት ጠዋት ዳገት ላይ ቢደክም አያስገርምም። ከድሬዳዋ በስተሰሜን በምትገኘው ሽንሌ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ኮንትሮለሩ ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ለመከላከል ሥራ ያቆማል። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ እፍጋት ከባሕር ጠረፍ በ15 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ስስ አየርም ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ ችሎታው ዝቅተኛ ነው።

ታዲያ ምክንያቶቹን እንዴት እንለያቸው? ሰዓት ጥሩ መርማሪ ነው። ሞተሩ በሰከንዶች ውስጥ ከተመለሰ የቮልቴጅ መውረድን፣ ለብዙ ደቂቃ ዐርፎ ከተመለሰ ሙቀትን እንጠርጥር። ሜዳ ላይ፣ በተለይም ኮረኮንች ላይ ሲነጥር ከቆመ ደግሞ የላላ ሽቦ ወይም ማገናኛ ይኖራል። ጠቋሚው መብራት እንደበራ ሞተሩ ብቻ ከቆመ ምክንያቱን ከኮንትሮለሩ፣ ከፍሬን እጀታው ማቋረጫ ወይም የሞተሩን መሽከርከር ከሚከታተሉት የሆል ሴንሰሮች እንፈልግ። እነዚህ ሴንሰሮች የሚሠሩት ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 ባገኘው ክስተት ነው። ሁሉም ነገር አብሮ ከጠፋ ግን ባትሪውንና የኃይል ማገናኛዎቹን እንመልከት።

ማገናኛ ቀላል ነገር መስሎ ይታያል። ነገር ግን አቧራና ዝገት 0.05 ኦም ብቻ ቢጨምሩበት 18 አምፔር ሲያልፍ 16 ዋት ያህል ሙቀት በአንዲት ትንሽ ነጥብ ላይ ይፈጠራል። ፕላስቲኩ የቀለጠ ወይም የጠቆረ ማገናኛ የዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ ውድ የሆነውን ባትሪ ለመለወጥ ከመቸኮል በፊት ብስክሌቱን አጥፍቶ ማገናኛዎቹን መመርመር ገንዘብን ከብክነት ያድናል።

በመጨረሻም አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። በባትሪው ውስጥ የሚገኘው መከላከያ ሰርኪዩት «ያስቸግራል» ተብሎ በቀጥታ ሽቦ ሊታለፍ ፈጽሞ አይገባም። ይህ ሰርኪዩት የእያንዳንዱን ሴል ሁኔታ ስለሚከታተል የድምሩ ቮልቴጅ ደኅና ሲመስል እንኳ የደከመውን አንድ ሴል ያውቃል። ይህ ዘብ ከተነሣ ሴሉ ከልክ በላይ ሊራገፍ ወይም ሊሞላ፣ ብሎም እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ባትሪው ቻርጅ የሚደረገው ሰው በተኛበት ቤት ውስጥ ነው።

ተማሪያችን ባትሪውን እስኪያስለውጥ ድረስ ከቤት ሲወጣ ሞልቶ ቢነሣ፣ ዕቃ ቢቀንስና ዳገቱን በዝግታ ቢወጣ የሚፈልገው አምፔር ይቀንሳል፤ ሞተሩም በመኪና ፊት አይከዳውም። V = E − Ir የምትለዋ ቀመር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የምትኖር አይደለችም፤ በካራማራ ዳገት ላይም ሕይወትን ለማዳን ትረዳለች።