ዳገትና ሚዛን፦ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ባለሦስት እግር ብስክሌት

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ባለሦስት እግር ብስክሌት ሁለት ችግሮችን በአንድ ጊዜ ለማቃለል የተሠራ ነው። ሦስተኛው እግር ሚዛን የመጠበቅን ሥራ ከነጂው ላይ ያነሣል፤ ሞተሩ ደግሞ ዳገቱን ያቀላል። ነጂው ግን ፔዳል መምታቱን አይተውም፤ ከባጃጅም ሆነ ከኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የሚለየው በዚህ ነው። እግር ሲሠራ ሞተሩ ያግዛል፣ እግር ሲያርፍ ሞተሩም ያርፋል። ይህን ዓይነቱን እገዛ በብስክሌት ላይ አድርጎ በ1993 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ለገበያ ያቀረበው የጃፓኑ ያማሃ ነበር።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ከተሞች ለእንዲህ ያለው መጓጓዣ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የሚገኙት እንጅባራና ዳንግላ ሁለቱም ደጋማ ናቸው፤ እንጅባራ ከባሕር ወለል 2,560 ሜትር፣ ዳንግላ 2,130 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። አገሩ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረውም በእንጅባራ ነው። በከተሞቹ ውስጥ ሰው ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ሥራ የሚሄደው በእግሩ፣ በጋሪ ወይም በባጃጅ ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዞ ከጥቂት ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ብስክሌቱ የሚመቸውም ለዚህ ርቀት ነው።

ሞተሩ መቼና ምን ያህል ማገዝ እንዳለበት የሚያውቀው በሴንሰር ነው። አንዱ ዓይነት ሴንሰር የሚያየው ፔዳሉ መዞር አለመዞሩን ብቻ ነው፤ ፔዳሉ ከዞረ ነጂው በመረጠው ደረጃ ልክ ጉልበት ይለቃል። ዋጋው ረከስ ያለ ነው፣ ነገር ግን አነሣሡ ድንገተኛ ሊሆን ይችላል። ሌላው ዓይነት እግር ፔዳሉን የሚጫንበትን ኃይል ይለካል፤ ነጂው አጥብቆ ሲረግጥ እገዛውም ይጨምራል፣ ሲያላላ ይቀንሳል። ለሰውነት እንቅስቃሴ የሚሻለው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ነጂው ድርሻውን ካልተወጣ ሞተሩም አይተጋም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ በብስክሌትነት የሚቀበለው የሞተሩ መደበኛ አቅም ከ250 ዋት ካልበለጠና እገዛው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ከተቋረጠ ነው። 250 ዋት የአንድ የፈረስ ጉልበት ሲሶ ያህል ነው።

ይህ መጠን በቂ መሆኑን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ነጂው 75 ኪሎ፣ ብስክሌቱ ከነባትሪው 35 ኪሎ፣ ከኋላ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ዕቃ 10 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 120 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ በሜዳ ላይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ 50 ዋት ያህል ይበቃዋል፤ ጤነኛ ሰው ያለ ሞተር ይህን አያጣም። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 8 ኪሎ ሜትር ቢወርድም እንኳ ክብደቱን ሽቅብ ለማንሣት ብቻ 130 ዋት፣ የጎማውን ፍትጊያ ለማሸነፍ ደግሞ ሌላ 25 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። ልምምድ የሌለው ሰው ሳይደክም ረዘም ላለ ጊዜ ሊያወጣ የሚችለው ከ60 እስከ 100 ዋት ስለሆነ የቀረውን ሞተሩ ይሞላል። ባለሦስት እግሩ ከተራ ብስክሌት እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚመዝን፣ ሦስተኛው እግር ያመጣውን ሸክም የሚሸከመው ሞተሩ ነው ማለት ይቻላል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። በእንጅባራ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ፣ አረጋዊ ወይም ከሕመም ያገገመ ሰው ግን በዳገት ላይ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። የእገዛውን ደረጃ ከፍ ማድረግ የልብንና የሳንባን ሥራ በልክ ያደርገዋል።

የሦስተኛው እግር ትልቁ ጥቅም የሚታየው ፍጥነት ሲቀንስ ነው። ባለሁለት እግር ብስክሌት ቀስ ሲል ይንገዳገዳል፤ ባለሦስት እግሩ በእርምጃ ፍጥነት ዳገት ይወጣል፣ በጋሪና በእንስሳት መካከል ቆሞ ይጠብቃል፣ ነጂውም እግሩን መሬት ማስነካት አያስፈልገውም። ጉድለቱ የሚመጣው ኩርባ ላይ ነው። ባለሁለት እግር ብስክሌት ሲታጠፍ ወደ ውስጥ በማጋደል ወደ ውጭ የሚገፋውን ኃይል ይቋቋማል፤ ባለሦስት እግሩ ማጋደል አይችልም። ይህ ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የኋላ እግሮቹ በ70 ሳንቲ ሜትር የተራራቁና ነጂው ቀጥ ብሎ የሚቀመጥበት ብስክሌት፣ 4 ሜትር ሬዲየስ ባለው ጠባብ ኩርባ ላይ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የውስጠኛው እግር ከመሬት መነሣት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት ነው፤ ነጂው ሰውነቱን ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ከባድ ዕቃም ከቅርጫቱ ሥር፣ ከመሬት በቀረበው በኩል ይቀመጣል።

በብስክሌት ልምድ ያለውን ሰው መጀመሪያ የሚያስቸግረው ሌላም ነገር አለ። መንገድ ውኃ እንዲወርድለት ከመሐል ወደ ቦይ ዘንበል ብሎ ይሠራል። ባለሁለት እግር ብስክሌት በዚህ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ባለሦስት እግሩ ግን ከመንገዱ ጋር ያዘነብላል፣ መሪውም ወደ ቦዩ ይስባል። ነጂው በሰውነቱ ሊያስተካክል ከመሞከር ይልቅ መሪውን በቀስታ ወደ መሐል መያዝ ይኖርበታል። በብዙ ሞዴሎች ደግሞ ከኋላ እግሮች የሚነዳው አንዱ ብቻ ነው፤ ያ እግር ጭቃ ወይም ልቅ ጠጠር ላይ ካረፈ ባዶውን ይሽከረከራል።

በጤና በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። መካከለኛ መሆኑ የሚታወቀው ሰውየው እየነዳ ማውራት ሲችል፣ መዝፈን ግን ሲያቅተው ነው። እየዘፈነ የሚነዳ ሰው እገዛውን መቀነስ፣ ለማውራት ትንፋሽ የሚያጥረው መጨመር አለበት። ክብደቱ ወንበሩ ላይ ስለሚያርፍ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ከሩጫ ያነሰ ጫና ይደርስባቸዋል። የልብ ሕመም ያለበት፣ ስትሮክ ያጋጠመው ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባዋል።

የተለመደ 36 ቮልትና 10 አምፒር ሰዓት ያለው ሊትየም ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። በኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት ሰዓት ቢፈጅ ከ24 እስከ 36 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። በቻርጀሩ የሚባክነው ተጨምሮ አንድ ጊዜ ለመሙላት የሚወስደው ኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በ7 ደቂቃ ገደማ ከሚፈጀው አይበልጥም። ኤሌክትሪኩም የአገር ውስጥ ምርት ነው፤ የጣናን ውኃ የሚጠቀመው 460 ሜጋዋት አቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም.፣ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ባትሪው ውርጭ ባለበት ሌሊት ውጭ ማደር የለበትም፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ይጎዳል። ክረምት ላይ የባትሪውና የሞተሩ ማገናኛዎች ከጭቃና ከውኃ መጠበቅ፣ ሰንሰለቱም እየተጠረገ ዘይት መቀባት አለበት።

ቁልቁለት ላይ አብዛኞቹ ሞዴሎች ጉልበት ወደ ባትሪ አይመልሱም፤ ሁሉም ወደ ፍሬን ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ከከባድ ቁልቁለት በፊት የፊትም የኋላም ፍሬን መሞከር አለበት። ሲቆምም ባለሦስት እግሩ በተዳፋት ላይ በራሱ ስለሚንከባለል የእጅ ፍሬን ወይም ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስፈልገዋል።

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ለመውጣት ግን ይህ ብስክሌት አይመከርም። የከፍታውን ልዩነት ለመሸፈን ብቻ 140 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ የጎማው ፍትጊያ፣ የሞተሩ ብክነትና የመንገዱ ውጣ ውረድ ሲጨመር ባትሪው ሊያልቅ ይችላል፤ በዚያ ላይ ፈጣን የጭነት መኪናዎች በሚያልፉበት አስፋልት ቀስ ብሎ መንዳት አደጋ አለው። በእያንዳንዱ ከተማ ውስጥ ላለው አጭር መንገድ ግን አንድ ሙሌት ለበርካታ ጉዞ ይበቃል።